ሁለት ትንንሽ ስፒከሮችና የአባቴ በሬ

ሌላው ስደተኛ በሌሊት ነው የሚወጣው። እኔ የወጣሁት በከተማችን በተበላ የገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አገር ሁሉ እያየኝ ነው። የምደብቀው ነገር አልነበረኝም፤ የአባቴን በሬ በዴሳ ገበያ ወስጄ ሸጬ ገንዘቡን ለስደት ደላላ ማስረከቤን ሰው ከኔ በፊት አውርቶታል። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አባቴ በመስኮቱ በኩል መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። «በሬው ጥሩ በሬ ነበር» አለኝና ሄደ።

በዴሳ የከብት ገበያ የቆመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኛ ዘንድ የሚያመሰግን አይገዛም። ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርስ ያያል፣ ቀንድ ይነቅፋል፣ «ይሄ እኮ ያነክሳል» ይላል። «ጥሩ ነው» ብሎ የሚያልፍ የማይፈልግ ብቻ ነው። አባቴ እንደዚያ ብሎኝ አለፈ። ዘጠኝ ዓመት ስልክ ላይ አልመጣም።

መንገዱን አላወራም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት አያምነኝም። አንዱን ብቻ ልናገር። አንድ ድንበር ላይ አንድ ፖሊስ ከድንች ጆንያ ሥር ጎትቶ አወጣኝና በአስተርጓሚ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። ክራር መቺ ነኝ አልኩ። «እንግዲያው ዝፈን።» ሦስት ቀን ውኃ ባልነካው ጉሮሮ ዘፈንኩ። ፖሊሱ ለባልደረባው «ልቀቀው፤ ይሄንን ብናስረው የምንቀጣው ራሳችንን ነው» አለው።

አሁን ደቡብ አፍሪካ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነኝ። ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ብርድ ልብስ ተሸክሜ እየዞርኩ እሸጣለሁ። የምኖረው በአንዲት ባልቴት ግቢ፣ ከኋላ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። እንደ ሰው ሁሉ «ጎጎ» እላቸዋለሁ፤ አያቴ ማለት ነው። ፓፕ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ገንፎ ነው፣ ግን ቅቤም ዳጣም አይቶ አያውቅም። መብራቱ እንደ አገሬ ከተማ እንደ ሶዶ ይጠፋል። ልዩነቱ፣ እዚህ የሚጠፋበትን ሰዓት አስቀድመው ይነግሩሃል። ይህንን ሥልጣኔ ይሉታል።

አባቴ የጊፋታ ዘፋኝ ነው። ዘንድሮ ጊፋታ፣ አዲስ ዓመታችን፣ ሲቃረብ ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ የአባቴን ዘፈን በስልኩ ቀርጾ ላከልኝ።

«ያውቃል?» አልኩት።

«እየቀረጽኩ እንደሆነ ያውቃል ጋሼ። ለማን እንደሆነ አልጠየቀም።»

ከሥሩ ክራር ጨምሬበት ለበዓሉ ልልክለት ወሰንኩ። ምናልባት ስልክ ላይ ይመጣ ይሆናል። ሌላ የፈለግሁት ነገር የለም።

ክራርም ኮምፒውተርም ማይክም አለኝ፤ የቀረኝ ስፒከር ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ የተጻፈን ያምናል። ካርቶኑ ላይ «አምስት ሺህ ዋት» ይላል፤ ገዛሁት። ቁመቱ ወገቤ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ስፒከር የሚመረጠው በደረት ነው፤ ደረትህን ከመታህ ጥሩ ነው። ይሄኛው ደረቴንም፣ ቆርቆሮዬንም፣ የጎጎን ብርጭቆም መታ። ጎጎ የክፍሌን በር በከዘራ ደበደቡት።

«እዚያ ውስጥ ማን ሞተ?»

«አባቴ ነው ጎጎ፤ እየዘፈነ ነው።»

«እንግዲያው ንገረው፤ ክፍሉን ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው!»

አቀናብሬ ላክሁ። ማርቆስ ዘፈኑን ባጃጅ ውስጥ ሰምቶ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አትቀየመኝ። ክራርህ የወባ ትንኝ ሆኗል። አባባ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ይመስላል።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ጥሩ ነው አለ።»

ጥሩ ነው! ስድብ ይሻለኝ ነበር። ለካ ያ የስፒከር ሣጥን ከራሱ ቤዝ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ይጨምራል፤ እኔ በዛ እያልኩ ከዘፈኑ ላይ ስቀንስ፣ ተበላ ላሉት የደረሰው ባዶው ነው።

ቅዳሜ ሣጥኑን በጋሪ ገፍቼ ወደ አንድ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ጢማም ሰው ነው። አየውና «ይሄ ለሠርግ ነው» ብሎ የጫማ ካርቶን የማያካክሉ ሁለት ስፒከሮች አወጣ። አምፕሊፋየራቸው እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ነው፤ ሌላ ማሽን አይፈልጉም። የአባቴን ዘፈን ከስልኬ ከፈተልኝ። ወዲያው ወደድኳቸው። ስለዚህ መንቀፍ ጀመርኩ።

«ጫጩት ናቸው።»

«ክፍልህ ስንት በስንት ነው?»

«ሦስት በሦስት።»

«እዚያ ውስጥ ትልቅ ያጓራል እንጂ አይናገርም።»

«ቤዝ የላቸውም።»

«ያለውን ብቻ ነው የሚያሰሙህ።»

«ድምፃቸው ደረቅ ነው። ይሄኛው ጀርባው ተጭሯል።»

ሰውየው አንሥቶ ወደ መደርደሪያው መለሳቸው። «ካልወደድካቸው አላስቸግርህም።»

«ማን አልወደድኩም አለህ?»

«አንተ ነሃ! ይኸው ስትሰድባቸው!»

«እየገዛሁ እኮ ነው!»

ጥበቃ ጠራ። ለጥበቃው ስለ በዴሳ ገበያ አስረዳሁት። ደግነቱ እሱም የከብት አገር ሰው ነው። «ልክ ነው፤ ላም የሚገዛው እንዲህ ነው» ብሎ መሰከረልኝ። ሣጥኔን ከጭማሪ ገንዘብ ጋር ተቀብለው ሁለቱን ሰጡኝ። ሻጩ ሲሸኘኝ አቀማመጡን ነገረኝ፦ ከግድግዳው ራቅ፣ ከጆሮ ትክክል፣ ሁለቱና የኔ ራስ እንደ ሦስት ጉልቻ።

እንዳለኝ አስቀምጬ ከፈትኩ። ትንንሾቹ ሰው አያቆላምጡም። ክራሬ ሁለት ቦታ መሳቱን ፊት ለፊት ነገሩኝ። ቀጥሎ አባቴ በስንኙ መሃል ትንፋሽ ሲያጥረው ሰማሁ። ትልቁ ሣጥን ይህንን ውጦብኝ ኖሯል። እኔ ስሄድ አንዱን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ይጨርስ ነበር። መልሼ መልሼ ሰማሁት። ከዚያ ክራሩን እንደ አዲስ መታሁ፤ እሱ ትንፋሽ በሚስብበት ቦታ ቆሞ እንዲጠብቀው አድርጌ። ላክሁ።

በጊፋታ ዋዜማ ከማርቆስ ስልክ ተደወለልኝ። ሄሎ ብል መልስ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ። ትንፋሹን አወቅሁት።

«ክራሩ በዝቷል» አለ አባቴ በወላይትኛ።

ክራሬን ሳብ አደረግሁ።

«ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቸኩለሃል። በስንኙ መሃል ደግሞ ለምንድን ነው ቆመህ የምትጠብቀኝ? ደከመኝ አልኩህ?»

«አላልክም አባባ።»

«ጣትህም ዝጓል።»

«ሌላስ?» አልኩት።

«ኧረ ብዙ አለ…» ሲል ስልኩ ተቋረጠ። ካርድ አልቆ ይሁን ኔትወርክ፣ አላወቅሁም። ብደውል አይገባም። ስልኩን በሁለቱ ስፒከሮች መሃል አቆምኩት። እስኪጠራ ድረስ ሦስተኛውን ስንኝ ቀስ አድርጌ እየመታሁ ነው።