የካፒቴኑ ዚፕ

ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» የሚላት ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ይወጋል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የምትለካው ሱሪውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። መቀሷን በጠንካራ ክር ከጠረጴዛው እግር ጋር አስራዋለች። ሰው ባለበት የአዝራር ቆርቆሮዋን አትከፍትም።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖባት ነው። ከአራት ዓመት በፊት የሐይቁ መርከብ ሰጥሞ መቶ አሥራ ሁለት መንገደኞች ሲያልቁ አገር በሙሉ አለቀሰ። የመርከቡ ካፒቴን ባሏ ነበር። እሱም አብሮ ሰጠመ፤ ለእሱ ያለቀሰ ግን ከእሷ በቀር አልተገኘም። እንዲያውም «ሰክሮ ነው የነዳው» ተባለ። ሻይ ሲበዛበት እንኳ ልቡ የሚመታበት ሰው! ጋዜጠኞች ደንበኛ መስለው እየመጡ፣ አዝራር እያስተከሉ፣ ስለ ባሏ አመል ያወጣጧት ጀመር። አንዱማ ኮቱ ውስጥ ድምፅ መቅረጫ ደብቆ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብላ አፏን ዘጋች።

አንድ ነገር ግን ለእህቷም አልተናገረችም። ባሏ የሕይወት አድን ጃኬቱን ዚፕ እንድትጠግንለት ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምኗት ነበር። «መሃል ላይ ይይዘኛል» እያለ። የሰፈሩን ዚፕ ሁሉ ስትጠግን የእሱን «ነገ፣ ነገ» ስትል ቀረ። አስከሬኑ ሲወጣ ጃኬት አልለበሰም። ዚፑ እምቢ ብሎት ነው፣ የገደልኩት እኔ ነኝ ትላለች ለራሷ። የሰው ዚፕ ከፍ ዝቅ አድርጋ በሞከረች ቁጥር ይህንኑ ታስባለች።

አደጋው የደረሰበት ቀን በየዓመቱ በበጎ ሥራ ይታሰባል። በጎ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ የአንድ ሟች ስም የታተመበት ወረቀት ከማዘጋጃ ቤት ይወስድና ደረቱ ላይ ይሰካል። ከዚያ በዚያ ሰው ስም ለማያውቀው ሰው አንድ ደግ ነገር ይሠራል። ስሞቹ መቶ አሥራ ሁለት ናቸው፤ የካፒቴኑ የለበትም። እትዬ መርፌ በዚያ ቀን መስኮቷን ዘግታ ትውላለች።

ዘንድሮ ግን በሯ ተንኳኳ። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት የቀለም ባልዲና ብሩሽ ይዛ ቆማለች።

«እማማ፣ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ቀለም የሚያስፈልገው ግድግዳ ካለዎት ልቀባልዎት ነው።»

ደረቷን አየችው፤ ባዶ ነው። «ወረቀትሽስ?»

«አልሰጡኝም።»

«ታዲያ ማን ላከሽ?»

«ማንም። በራሴ ነው የመጣሁ።»

በራሴ! ልታባርራት ነበር፤ ግን የተባረረ ሰላይ ሌላ ሰላይ ይልካል፣ ይቺን ከዓይኔ ሥር ባውላት ይሻለኛል ብላ አስገባቻት። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ መርፌው ክር ሳይገባለት፣ ፔዳሉን በባዶው እየረገጠች ትጠብቃት ጀመር። ሴትዮዋ የተላጠውን ፋቀች፣ ስንጥቁን ደፈነች፣ ጨርቆቹ ላይ ጋዜጣ አለበሰች። ሥራዋ የሚያስመሰግን ነበር፤ ጥርጣሬውን ያባሰውም ይኸው ነው። በነፃ እንዲህ የሚለፋ ሰው ጤና የለውም!

ደግሞ ላብ እያጠመቃት ኮቷን አላወልቅ አለች። እትዬ መርፌ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየች። ከግራው ደረት በኩል ጨርቁ ተጨማዷል። ገበሩ ላይ ከውስጥ የተሰፋ ነገር አለ ማለት ነው። መቅረጫ!

«ኮትሽን ክፈቺ!» ብላ መቀሷን ይዛ ብድግ አለች። ክሩ ግን መልሶ ወንበሯ ላይ ጎተታት።

ሴትዮዋ ደንግጣ ኮቷን ከፈተች። ገበሩ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቷል፤ በጨርቁ ላይ በቀይ ክር፣ በተንጋደደ የእጅ ስፌት፣ የካፒቴኑ ስም ከነአባቱ ተጽፏል።

«ልትቀልጂብኝ ነው?» አለች እትዬ መርፌ።

«ኧረ በፍጹም! ማዘጋጃ ቤት ሄጄ በእሳቸው ስም ልሥራ ብላቸው አናትምም አሉኝ። ራሴ ሰፋሁት። መንገድ ላይ ሰው እንዳይጣላኝ ፈርቼ በውስጥ አደረግኩት።»

«አንቺ ምኑ ነሽ?»

«መርከቡ ላይ ነበርኩ። ጃኬታቸውን ለእኔ አለበሱኝ።»

እትዬ መርፌ አላመነችም። ጃኬት ሰጠኝ ማለት ማንን ያቅተዋል? «እሺ፣ ሲያለብስሽ ምን አለሽ?»

«ብዙም አላወሩ። ዚፑ መሃል ላይ ያዘ። ‹አይዞሽ፣ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይይዛል› አሉኝ። ከዚያ በጥርሳቸው ነክሰው ሳቡትና እስከ አንገቴ ዘጉት።»

እትዬ መርፌ መቀሱን አስቀመጠች። ያንን ዚፕ ከእሷና ከእሱ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

«ተዘጋ?» አለች እንደ ሕፃን።

«ተዘጋ። ለመርማሪዎቹም ነግሬያቸው ነበር፤ የጻፈልኝ የለም። እርስዎ ጋ መምጣት ደግሞ አፈርኩ፤ እሳቸው ሞተው እኔ ተርፌ።»

እትዬ መርፌ ፊቷን በደንበኛ ቀሚስ ሸፍና አለቀሰች። ሐዘንም ነበር፣ ደስታም ነበር። ጃኬት ያልለበሰው ዚፑ እምቢ ብሎት አይደለም፤ ለሰው ሰጥቶት ነው። እሷ አልገደለችውም።

ከዚያ እንደ ልማዷ ተቆጣች። «ይሄ ደግሞ ስፌት ነው? አንዴ ሲታጠብ ይረግፋል። አውልቂና አምጪው!»

ቀዩን ክር እንደ ነበረ ትታ፣ ቁራጩን ከገበሩ ላይ በጥንቃቄ ተረተረችው። ለመኪናው ክር አስገባች። መርፌውን ከማውረዷ በፊት ቀና አለች።

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

ሴትዮዋ ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ አየች።

«ከውጭ ያድርጉልኝ፣ እማማ።»

እትዬ መርፌ ለሥራው ብርሃን ያስፈልጋት ነበርና ተነስታ መስኮቱን ከፈተችው።