የቀዩ ዲፕሎማ ምስክር

የእህቴ ልጅ ማህሌት ባለፈው ሳምንት ቦሌ ካለ አንድ ሆቴል ተመልሳ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና «እትዬ፣ አንድ ፕሮፌሰር ሰላም ብሎሻል» አለችኝ። አንድ ሴሚስተር ናይሮቢ ልትማር ነው። እዚያ የምትወስደው ትምህርት እዚህ እንዲቆጠርላት ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተስማምተዋል፤ ሆቴል የተጠሩትም ለዚሁ ማብራሪያ ነበር። ፕሮፌሰሩ ስለ አገሮች ዲግሪ መመሳሰል ጥሩ ንግግር አደረገ አለች።

«ስሙ ማን ነው?»

«ጌታነህ። አብረን ተምረናል አለ።»

እውነት ነው፣ ሚንስክ ከተማ አብረን በሩሲያኛ ምህንድስና ተምረናል። ማለትም እኔ ስማር እሱ የእኔን ስዕሎች መስኮት ላይ ለጥፎ ይገለብጥ ነበር። ስንጨርስ ለእኔ ቀይ ዲፕሎማ ተሰጠኝ፤ ለእሱ ሰማያዊ። እዚያ አገር ቀዩ በማዕረግ ለተመረቀ ብቻ ነው።

የተመለስነው መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። አንድ ኮሌጅ ለአንድ መምህር ማስታወቂያ አወጣ፤ ሁለታችንም አመለከትን። ኮሌጁ ዲግሪያችን እዚህ አገር ከየትኛው ዲግሪ ጋር እንደሚመዘን ማረጋገጫ አምጡ አለን። ማረጋገጫውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ኦሎምፒያ አካባቢ ነበር። ክረምት ስለነበር ከላምበረት የምመጣው በጭቃ ጫማ ነው፤ ደህናውን ጫማ በፌስታል ይዤ ደረጃው ሥር እቀይራለሁ። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ አስተማሪ ልትሆን ነው» ብላ ጨርሳለች። ከዚያ ቦታ ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

ዲግሪ የሚመዝነው ክፍል ኃላፊ አቶ በላይ ይባላሉ። ሩሲያኛ የሚያነቡት የቀድሞ ሠራተኞች ተቀይረው ስለነበር እሳቸው የሚያዩት ሽፋኑን ነው። የጌታነህን ሰማያዊ አገላብጠው በቀኛቸው አኖሩት። የእኔን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ለምን ቀይ ሆነ?»

«የማዕረግ ስለሆነ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ አስተማሪ ነበርኩ። ቀይ ምን እንደሆነ አንቺ አትነግሪኝም።»

እዚህ አገር በተማሪ ካርድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሚጻፈው ከሃምሳ በታች ያመጣ ውጤት ነው። እሳቸውም ያንን ማሰባቸው ነበር። ከዚያ ወደ ጌታነህ ዞሩ።

«አብረሃት አይደል የተማርከው? እውነቷን ነው?»

ጌታነህ ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ።

«እንደየከተማው ይለያያል መሰለኝ» አለ።

የተማርነው አንድ ከተማ፣ አንድ ክፍል ነው። የእሱ ወረቀት ያኔውኑ ማኅተም ተመታበት፤ የእኔ «ይጣራ» ተባለ። ደረጃው ላይ ደርሶብኝ «ምን ላድርግ ዘነቡ፣ አንቺ መቼም ይሳካልሻል» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ቀየርኩ።

ጎረቤታችን አልማዝ እዚሁ አዲስ አበባ ምህንድስና የጨረሰች ልጅ ነበረች። የደረሰብኝን ስትሰማ ደብተሮቿን ተሸክማ መጣችና ላምበረት አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ወደ ሰሜን የሚወጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ትኩስ ፓስቲ እየበሉ ይሳሳቃሉ። ወረቀት ለሁለት ከፍለን በግራ የእኔን ትምህርት፣ በቀኝ የእሷን ጻፍን፦ ምን እንደተማርን፣ ስንት ሰዓት፣ በተግባር ምን እንደሠራን። እኔ ሩሲያኛውን እተረጉማለሁ፤ እሷ አቻውን ትፈልጋለች። አንድ ቦታ ላይ ስጠራጠር «ኮንክሪት ኮንክሪት ነው፤ በሩሲያኛ ስለተማርሽው አይለሰልስም» አለችኝ። የእሷ ቀኝ ካለቀ በኋላም የእኔ ግራ ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

አቶ በላይ ወረቀቱን ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ ኋላ ተቀመጡ።

«ይሄን አምጪ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ቀለሙን ተይው» አሉ፤ ቀለሙን ያነሳሁት እኔ ይመስል። «ከኩባም ከቡልጋሪያም የሚመጡት እንዲህ አድርገው ያምጡ።» ይቅርታ አላሉኝም። ሻይ ግን አዘዙልኝ፣ ማኅተሙንም እዚያው መቱልኝ። ዲግሪዬ ከዚህ አገሩ ሁለተኛ ዲግሪ ጋር እኩል ተባለ። የኮሌጁን ቦታ ግን ጌታነህ ወስዶታል። እኔ መንገድ ሥራ ገባሁ፤ እሱ በሰማያዊው ፕሮፌሰር ሆነ።

ማህሌት የናይሮቢውን ወረቀት አሳየችኝ። ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራ የአዲስ አበባው ትምህርት፣ በቀኝ የናይሮቢው። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት።

«ፕሮፌሰሩ ይሄ ሐሳብ የማን ነው አለ?»

«የኮሚቴው። ለሰላምታው ምን ልበልልሽ?»

«እንደየከተማው ይለያያል በይው።»

ሳይገባት ሳቀች። እሱ ይገባዋል።

ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ልብሷን እያጣጠፍኩ አቀበልኳት። ናይሮቢ ስትደርስ ወረቀቷን የሚቀበላት ሰው ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም። የወረቀቱን ግራና ቀኝ አይቶ ያስገባታል። አጠገቧ ወደተቀመጠው ሰው ዞሮ «እውነቷን ነው?» ብሎ አይጠይቅባትም።