የፉሳኤ ጉርሻና የኩማጋይ ክዳን

ሞሪዮካ ውስጥ "ጠግቤያለሁ" ብትል የማይሰሙህ ምግብ ቤቶች አሉ። ብትለምንም ብታለቅስም አይሰሙህም። የሚሰሙት ክዳን ብቻ ነው። ሶባ የሚባለውን ቡናማ ቀጭን ኑድል በአንድ ጉርሻ ልክ እያደረጉ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህንህ ውስጥ ይወረውሩልሃል፤ ትውጣለህ፤ ገና አፍህን ሳትጠርግ ሌላው ይመጣል። መጥገብህን ማሳወቅ ከፈለግህ ያለችህን ጉርሻ ጨርሰህ፣ አጉራሿ ሌላ ከመወርወሯ በፊት ክዳኑን ሳህንህ ላይ መድፋት አለብህ። ከቀደመችህ እሱንም ትበላለህ። ሕጉ ይኸው ነው።

ፉሳኤን የቀደመ ሰው ደግሞ አልነበረም።

ኦይካዋ ፉሳኤ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አጠር ያለች ናት፣ ቀኝ ክንዷ ከግራዋ ይወፍራል። ናካትሱ ወንዝ ዳር ባለው ሶባ ቤት ሰው ስታጎርስ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ሌሎቹ አጉራሾች የእንግዳውን እጅ ነው የሚያዩት። እሷ ጉሮሮውን ታያለች፤ ጉሮሮው ወደ ላይ ብድግ ሲል የእሷም እጅ ብድግ ብሏል። በእሷ እጅ የትልቅ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ሱሪውን ፈቷል። ትከሻው በር የማያስገባው ጎረምሳ እናቱን ጠርቷል። አንድ የጥርስ ሐኪም ደግሞ ክዳኑን ደረቱ ላይ አቅፎ "እባክሽ እህቴ፣ ልጆች አሉኝ" ብሏት ነበር።

"እሰይ! ለእነሱም ይበሉላቸው!" አለችና ወረወረችለት።

ባሏ ኢሳኦ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ነፍሱን ይማረውና ኢሳኦ ሶፋው ላይ ተጋድሞ "ሻይ" ከማለት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ሲሞትም "ሻይ" ብሎ ነው የሞተው። አፍልታ ስትመጣ ሄዷል። ፉሳኤ ትንሽ ቆማ አየችውና እንዳይቀዘቅዝ ብላ ሻዩን ራሷ ጠጣችው። ከዚያ ከቀብር መልስ ለራሷ ማለች። ቀን የሰው ሆድ ስሞላ ውዬ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሞ የሌላ ወንድ ሆድ አልሞላም፤ ወንድ ከፈለግሁ ሶባ ቤት ሞልቶልኛል፣ ጠግቦም ይሄድልኛል አለች።

ኩማጋይ ቶኩጂ የመጣው እንግዲህ ከዚህ መሐላ በኋላ ነው።

ኩማጋይ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሞሪዮካን በቀን አሥር ጊዜ እየዞረ አንድም ቀን ወርዶ አላያትም። እንግዶችን ቤተ መቅደሱ ጋ ያወርዳል፣ ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ጋ ያወርዳል፣ እሱ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ጡረታ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ሚስቱ ድሮ ሞታለች። ስለዚህ የራሱን አውቶቡስ ትኬት ቆርጦ እየተሳፈረ፣ በየፌርማታው አንድ አንድ ቀን መውረድ ጀመረ። ረቡዕ ረቡዕ የምሳው ግርግር ካለፈ በኋላ ሶባ ቤቱ ይመጣና የሚወረወረውን ሳይሆን ተራውን ትኩስ ሶባ አዝዞ፣ ያየውንና የበላውን ለፉሳኤ ያወራል። እንዲያወራላት የጠየቀችው የለም።

"ወይዘሮ ፉሳኤ፣ ዛሬ የት እንደወረድኩ ይገምቱ።"

"ገደል ካልሆነ አይደንቀኝም።"

"ሦስቱ ድንጋዮች ጋ! ጋኔኑ ሁለተኛ አልመለስም ብሎ በመዳፉ የፈረመበት ድንጋይ አለ አይደል? ዳሰስኩት።"

"መዳፉ ይታያል?"

"ምን ይታያል፤ ሽበት የወረሰው ድንጋይ ነው። ሰው ሁሉ 'ይኸው ጣቱ' ሲል እኔም 'አዎ፣ ይኸው ጣቱ' አልኩ። ካፈርኩ አይቀር ብዬ ፎቶም አነሳሁ።"

"ኢሳኦንም እንደዚያ ማስፈረም ነበረብኝ፤ አሁንም በሕልሜ እየመጣ ሻይ ይለኛል" አለች ፉሳኤ፤ ሳትፈልግ ሳቀች።

በሌላው ረቡዕ ሥጋና የባቄላ ድልህ የሚደረግበትን ኑድል በልቶ መጣ። "ስጨርስ ሳህኑ ላይ እንቁላል ሰበርኩ፤ አሳላፊዎቹ ደግሞ ትኩስ ውኃ አፈሰሱበት። የራሴን ሳህን አጥቤ እጣቢውን ጠጣሁ ማለት ነው። እንዴት ይጣፍጣል መሰለዎት!" በቀጣዩ ረቡዕ ቀዝቃዛ ሾርባ ውስጥ ሐብሐብ ጣል የሚደረግበትን በላ። ሐብሐቡ መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ የሚበላው ብላ ጠየቀችው።

"በጭቅጭቅ ነው የሚበላው። አጠገቤ የነበሩት ባልና ሚስት ሊፋቱ ነበር።"

ወሬውን ሁልጊዜ የሚጨርሰው በአንድ ነገር ነው። "አንድ ቀን አብረን እንውረድ።" እሷም ሁልጊዜ "ሥራ አለብኝ" ትለዋለች። ረቡዕ ከሰዓት እንኳን ሥራ ዝንብም የለም። አብራት የምትሠራው ቺናቱሱ ይህን ታውቃለች።

"እትዬ፣ ያን ጠረጴዛ አምስተኛ ጊዜ እየወለወልሽው ነው" ትላታለች።

"ቆሻሻ አይቼበት ነው።"

"ቆሻሻው ሶባ እየበላ ነው?"

ሚያዝያ ላይ ኩማጋይ መጣና ሶባም ሳያዝዝ ተቀመጠ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዙሮ አዙሮ፣ ልጄ ሴንዳይ ክፍል አዘጋጅታልኛለች፣ በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ አለ።

"ምነው?" አለች ፉሳኤ።

"ብቻህን ሞተህ ትገኛለህ ትለኛለች።"

"እዚያ ደግሞ በሰው መሐል ሊሞቱ?"

"የሚያስቀረኝ ነገር ካለ እቀር ነበር" አለና ኮፍያውን ማዞር አቆመ።

ፉሳኤ ጨርቋን አስቀመጠች። ጠረጴዛውንም አልወለወለችም። መሐላዋ ትዝ አላት። ረቡዕ ይህ ሰው ባይመጣ ምን እንደምታደርግ አሰበች። ሶፋዋ ላይ ተጋድሞ "ሻይ" ሲላትም አሰበች።

"ድንጋይ የሰነጠቀው ቼሪ አብቧል" አለ ኩማጋይ። "ፍርድ ቤቱ ግቢ ያለው። እንወራረድ። አሁን መቶ ጉርሻ ከበላሁ ነገ አብረን ሄደን እናየዋለን፤ እኔም እቀራለሁ።"

"ድንጋይ ሰነጠቀ አሉ! የእኔ ባል ለውዝ መስበር ያቅተው ነበር።" ቀና አለች። "መቶ ሳይሞላ ክዳን ከደፉስ?"

"እርስዎ ይበሉ።"

"ሴንዳይ ይሄዳሉ። የእኔም ጆሮ ያርፋል።"

ይህን ያለችው አፏ ነው። እጇ ግን ሽርጧን ማጥበቅ ጀምሯል።

ቺናቱሱ እየሮጠች ትሪ አመጣች። ኩማጋይን መከዳ ላይ አስቀምጠው እንደ ሕፃን አንገቱ ላይ ጨርቅ አሰሩለት። ማባያውም ቀረበ፦ የተፈጨ ፍጅል፣ ቃሪያ፣ ጥሬ ዓሣ። ሞኝ ሰው፣ ከዓሣው ጀመረ።

"ዓሣው ሆድ ይይዛል፤ ይተዉት!" አለች ቺናቱሱ።

"ሹፌር በባዶ ሆዱ አይነዳም።"

"እሰይ፣ ይግባ! እሰይ፣ ይድገም!" አለች ፉሳኤ፤ እጇ ሄደ።

መጀመሪያ ላይ ኩማጋይ እየበላ ያወራ ነበር። በሁለት ፌርማታ መሐል ምሳ ጨርሼ ጥርሴን የምጎረጉር ሰው ነኝ አለ። ባዶ ሳህኖቹ በአሥር በአሥር ተደራርበው ቆሙ። ግን ፉሳኤ አንድ ነገር አየች። ሰውዬው ከኑድሉ ጋር የሚፈሰውን ሾርባ እየጠጣ ነው! የሚያውቅ ሰው ሾርባውን አጠገቡ ያለው ባልዲ ውስጥ ይደፋዋል። ሾርባ የጠጣ ሰው ሃምሳም አይዘልቅም።

"ሾርባውን ይድፉት እንጂ!" ጮኸች ቺናቱሱ። "ባልዲው ለዚያ ነው የተቀመጠው!"

ኩማጋይ ዋጠና "እሷ የሰጠችኝን አልደፋም" አለ።

ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ድስት ወደቀ። ምግብ አብሳዩ እየሰማ ነበር።

ፉሳኤ ጆሮዋ እስኪቀላ ተናደደች። "ሰውዬ፣ ግጥሚያ ላይ ነዎት! ይድፉት!"

"እሰይ፣ ይግባ ይበሉ እንጂ።"

"እሰይ፣ ይግባ... የማይረባ ሽማግሌ!"

ሃምሳን አለፈ። ወሬው ቆመ። ስድሳን አለፈ፣ ቀበቶው ተፈታ። ሰባን ሲያልፍ ፊቱ የተቀቀለ ሸርጣን መሰለ፣ ላቡ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። ያኔ የፉሳኤ እጅ ተንኮል ጀመረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አላደረገችውም። ትሪው ላይ ያለውን ጉርሻ በጣቷ ቀንሳ ቀንሳ መወርወር ጀመረች። ቺናቱሱ አየቻትና ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ኩማጋይ ሳህኑን አየ። "ወይዘሮ ፉሳኤ፣ ይሄ ምንድነው? ክር ነው? ቁልፍ ልተክልበት ነው?"

"በልተው ዝም ይበሉ!"

"ሙሉውን ያድርጉ። በምጽዋት ዛፍ አላይም።"

ሙሉውን አደረገች። ሰማንያን አለፈ። ሰማንያን ትንሽ እንዳለፈ አንዱን ጉርሻ ዋጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁም ወደ ክዳኑ መሄድ ጀመረ። አረጀሁ የሚል አውቶቡስ ዳገት ሲወጣ እንኳ እንደዚያ አይዘገይም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፉሳኤ አንድ መቶ ጊዜ ልትወረውር ትችል ነበር።

"እትዬ!" አለች ቺናቱሱ። "ወርውሪ! ከወረወርሽ መብላቱ ግድ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው!"

ፉሳኤ ጉርሻውን ይዛ ቆመች። ብትወረውር ይበላል፤ እስኪፈነዳ ይበላል፣ ሾርባውንም ይጠጣል። ባትወረውር ይሸነፋል፣ ይሄዳል። ጉሮሮውን አየችው። ያ ጉሮሮ ምራቅም አይወርድለትም።

እጇን መለሰች።

ክዳኑ ጠቅ ብሎ ተደፋ።

ምግብ አብሳዩ በመጋረጃው መሐል አንገቱን አውጥቶ የፉሳኤን እጅ አየ፤ እጇ የተሰበረ መስሎት ነው።

"ተሸነፍኩ" አለ ኩማጋይ። አንገቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ፈቶ አጣጠፈው። ጥሩ አድርጎ ነው ያጣጠፈው።

ፉሳኤ ያችን የመጨረሻዋን ጉርሻ ይዛ እንደቆመች ናት። ድንገት ሆዷ ጮኸ። በሹክሹክታ አይደለም፣ እንደ በር ነው ሲጥ ያለው። አጉራሽ የሚበላው እንግዳ ሲሄድ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ኩማጋይ ቀና አለ። "በልተዋል?"

"ምን አገባዎት?"

ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ተመርኩዞ፣ እያቃሰተ ተነሳ። ሱሪው ሊወርድ ሲል ያዘው። መከዳውን አራገፈና "ይቀመጡ" አላት። ትሪውን ከእጇ ወሰደ። እሷም የነገሩ አዲስነት አደናገራትና ተቀመጠች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራበት ያን ቤት ከታች ሆና አይታው አታውቅም። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው።

ኩማጋይ የመጀመሪያውን ወረወረ። እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ጥሪውን አያውቀውም፤ ስለዚህ የሚያውቀውን ጠራ።

"ቀጣይ ፌርማታ፣ ሆድ! በሩ ሊዘጋ ነው፣ ይጠንቀቁ!"

ሦስተኛው ሳህኑ ውስጥ ገባ። ፉሳኤ እየሳቀች ዋጠችው፤ እየሳቀች ስለዋጠችው በአፍንጫዋ ሊወጣ ነበር። ይህን ሶባ ወጥ ቤት ቆማ በልታዋለች፤ ከሰው እጅ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ ደገመች።

"ጨው አንሶታል" አለች ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። ያ እጅጌ ደግሞ ሶባ ነበረበት።

"ሰማሁሽ!" አለ ምግብ አብሳዩ ከጓዳ።

ክዳኗን ደፋች። ኩማጋይ ገና አዲሱን ጉርሻ ከትሪው ላይ እያነሳ ነበር።

"ቀደምኩህ" አለችው። አንተ ማለቷን ያወቀችው ካለችው በኋላ ነው።

እሱ ዞር አለና "ሻይ" አለ።

ፉሳኤ ማጅራቷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ቀና ብላ የኢሳኦን መንፈስ ልትሳደብ ስትል፣ ማንቆርቆሪያው በኩማጋይ እጅ መሆኑን አየች። እየቀዳላት ነበር፤ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ። ቺናቱሱ ጨርቅ ልታመጣ ስትል ፉሳኤ በዓይኗ ከለከለቻት።

ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

"ሴንዳይ ትሄዳለህ" አለች።

"እሺ።"

"ቅዳሜ ሄደህ ልጅህን ሰላም ትላታለህ። እሑድ ትመለሳለህ። ነገ ደግሞ ዛፉን አሳየኝ፤ የተሸነፈ ሰው ቦርሳ ይሸከማል። ኑድል አበላሻለሁ ብትለኝ እዚያው ጥዬህ ነው የምመጣው።"

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ ግቢ ከሰው ጋር ተጋፍተው ቆሙ። ኩማጋይ የእሷን ቦርሳ አንግቷል፤ እጁ ላይ ደግሞ ቅቤና ጣፋጭ ቀይ ባቄላ የተቀባ ረጅም ዳቦ አለ። ድንጋዩ ትልቅ ነው፣ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ዛፉም ከመሐሉ ወጥቶ አበባ በአበባ ሆኗል። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያያል። ፉሳኤ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ድንጋዩ ቀድሞ የተሰነጠቀ ቢሆንስ?" አለች ጮክ ብላ።

አጠገባቸው የቆሙት አሮጊት ገላመጧት። ኩማጋይ ዳቦውን ቆረሰና ትልቁን ወደ አፏ አስጠጋው።

"በቃኝ" አለች።

"ክዳንሽ የታለ?"

ቦርሳዋን አየች። ቦርሳዋ እሱ ጋ ነው። ግራ ቀኟን አየችና አፏን ከፈተች።