ለሾፌሩ የጻፍኩት ማስረጃ

ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ እንደ እኔ የሐኪም ማስረጃ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ስለ አንድ ብጉንጅ የጻፍኩትን ወረቀት አንብቦ የወረዳው ዳኛ አልቅሷል። ይህን የምለው እንግዲህ እኔ ነኝ። የክሊኒካችን ኃላፊ ግን ከምጽፋቸው አራት ወረቀቶች ሦስቱን ሰርዞ ይመልስልኝ ነበር፤ አራተኛውን የሚያሳልፈው ሳያነበው ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ነው። ቡታጅራ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ሕዝቡም ከደግነቱ የተነሳ “ዶክተር” ይለኛል። አንድ የጥር ጠዋት የአውቶቡስ ሾፌር የባለንብረቱን ደብዳቤ ይዞ መጣ። “መጠጥ ትቻለሁ ይላል። መተው አለመተዉ ተመርምሮ ይጻፍልኝ፤ ካልተወ መሪ አይጨብጥም” ይላል ደብዳቤው።

“ከመስቀል ወዲህ ባፌ አልዞረም፣ ዶክተር። አምስት ልጆች አሉኝ” አለኝ ሾፌሩ።

እጁን አስዘረጋሁት፤ አልተንቀጠቀጠም። በወለሉ ጣውላ መጋጠሚያ ላይ አስኬድኩት፤ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ብዕሬን አነሳሁ፦ “ይህ ሰው በአረቄ ባሕር ሰጥሞ የወጣ፣ ልብሱ ግን ገና ያልደረቀ ነው።”

ኃላፊው አነበበና፣ “ባሕሩን የት አየኸው?” አለኝ።

“ምሳሌ ነው ጌታዬ።”

“አውቶቡስ በምሳሌ አይነዳም። ያየኸውን ለብቻ፣ እሱ የነገረህን ለብቻ ጻፍ። የመሰለህን መጨረሻ ላይ፣ ባንድ መስመር።”

ተመልሼ ጻፍኩ፦ “እጁ አይንቀጠቀጥም። ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ከመስቀል ወዲህ አልጠጣሁም ብሏል። በመመርመሪያው ክፍል የአረቄ ሽታ ነበር። መጠጥ የተወ አይመስለኝም።”

“እሰይ! ወረቀት ማለት ይኼ ነው” ብሎ ኃላፊው ማኅተሙን አሳረፈበት።

በረንዳው ላይ ለሾፌሩ አነበብኩለት። አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። “የምን ሽታ?”

ዘበኛችን ከበሩ ቀረብ አሉ። የመስቃን ሰው፣ ሙስሊም፣ አረቄ በዞረበት ያልዞሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቡኢ ላይ የተከፈተ ጠርሙስ ቡታጅራ ሆነው ይሸታቸዋል።

“ወላሂ፣ ሽታው እሱ ሳይመጣ ነበር” አሉ። “ክፍሉን ስትከፍት አብሮህ ነው የገባው፣ ልጄ።”

ሾፌሩ ቀና ብሎ አየኝ። “እስቲ ዶክተር፣ እፍ በልልኝ።”

እፍ አላልኩም። ወደ ኃላፊው ተመለስኩና ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ፦ “የአረቄው ሽታ የመርማሪው ነው። በሾፌሩ ላይ የመጠጥ ምልክት አላየሁም።” ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ቀና ብሎም አየኝ። አንዲት ቃል ሳይሰርዝ አተመበት። ሾፌሩም በማግስቱ አውቶቡሱን ይዞ ወጣ።

ያን ጠዋት ሁለት መለኪያ ጠጥቼ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረውም ጠዋት እንዲሁ። ለብርድ ነው እል ነበር። ቡታጅራ ያን ያህል አይበርድም።