አቴ ሎርና ቬትናም ገብታ ነበር

ዛሬ ጠዋት ሺፍት ሳንጀምር ሱፐርቫይዘራችን ሰብስቦን "ሎርና ሞታለች" አለን። እኔ "የቷ ሎርና?" አልኩት። ዌርሃውሱ ውስጥ ያለችው አንድ ሎርና ብቻ እንደሆነች አሳምሬ አውቃለሁ። አፌ ግን ያን አለ።

ከእረፍቷ ልትመለስ ሦስት ቀን ነበር የቀራት። አገሯ ፊሊፒንስ፣ ታናሽ እህቷ ቤት ምሳ በልታ ጋደም እንዳለች አልነሳ አለች። ልብ ነው ተብሏል። ስልኬን አውጥቼ የመጨረሻ ወሬያችንን አየሁ። "ስኖው አለ?" ብላኛለች። "አለ" ብያታለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለማታውቋት፣ "አቴ" በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል የሚባለው የመጋዘን ሰፈር ውስጥ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ዕቃ አሽገናል። ከቦታዋ ጠፍታ ሌላ መስመር ላይ ስትገኝና "እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" ስትባል፣ "አይ አም ጀስት ኤ ቱሪስት፣ ሰር" ትላለች። ሁሌም ያችኑ። ሱፐርቫይዘሩ መሳቅ ካቆመ ቆይቷል፤ እሷ ግን ማለቷን አላቆመችም።

ሰው ሲሞት ጥሩ ጥሩውን ብቻ ማውራት ልማድ ነውና ለሚዛን ያህል፦ ላንች ሩም ማይክሮዌቭ ውስጥ ዓሣ የምታሞቀው እሷ ነበረች። በዚህ ዛሬም አልተስማማሁም።

አንድ ቀን፣ በፊሊፒንስ ፓስፖርት ጎረቤት አገሮች፣ ሲንጋፖር በይ፣ ታይላንድ በይ፣ ቬትናም በይ፣ ለጉብኝት ያለ ቪዛ እንደሚገባ ነገረችኝ። ቀናሁባት። እኔ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያን ከጠራሁ በኋላ ቀጥሎ የምጠራው ጠፍቶኝ ትንሽ አሰብኩ።

"ታዲያ ስንቱን አየሽ?" አልኳት።

"አንዱንም።"

በወጣትነቷ ሲንጋፖርን ለአራት ቀን ላያት ብላ ትኬት ቆርጣ ነበር። ያስቀራት ሲንጋፖር አይደለም። ገና ከአገሯ ሳትወጣ ነው ኤርፖርት ላይ ያስቆሟት። ብቻዋን የምትጓዝ ወጣት ሴት ስትሆኚ፣ ቱሪስት ነኝ ብላ ወጥታ ሰው ቤት ተቀጥራ ልትቀር ነው፣ ከኋላዋ ደላላ አለ ብለው ይጠረጥራሉ። እሷ ደግሞ እንዳይጠረጥሯት የልደት ሰርተፍኬቷን፣ የሥራ ደብዳቤዋን፣ የትምህርት ማስረጃዋን፣ የቄሷን ምስክርነት ሳይቀር በፎልደር ጠርዛ ቀረበች። ኦፊሰሩ ፎልደሩን አገላብጦ "ለአራት ቀን ሽርሽር ይሄ ሁሉ ወረቀት?" አለና ከሰልፉ አወጣት። አውሮፕላኑ ትቷት ሄደ።

እዚህ ላይ ሳቅኩ። እናቴ ደሴ ሆና ለኤምባሲ ያዘጋጀችልኝ ፎልደር ውስጥ የክትባት ካርዴ ነበረበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ወረቀቱን ይዘን አንለቅም።

ከዚያ በኋላ ለሥራ ሆንግ ኮንግ ሄደች፣ ዱባይ ሄደች፣ ካልጋሪ መጣች። "ለማጽዳት ስሄድ ሁሉም በር ተከፈተልኝ፤ ለማየት ስሄድ ግን ተመለስኩ" አለችኝ። ያን ስትል አልሳቀችም።

ዘንድሮ ቆረጠች። ከእህቷ ጋር ቬትናም፣ አንድ ሳምንት። ፒአር ካርድ፣ ማለትም የካናዳ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ፣ አላት፣ ሥራ አላት፣ የሚያስቆማት ምክንያት የለም። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ስለዚህ በምሳ ሰዓት እኔ ኦፊሰር ሆንኩና ልምምድ ጀመርን።

"የጉዞሽ ምክንያት?"

"ቱሪዝም፣ ማም።"

"ከማን ጋር?"

"ከእህቴ ጋር።"

"እህትሽ መሆኗን በምን አውቃለሁ?"

"አፍንጫችንን እዪው።"

ጎበዝ ሆና ነበር። አንድ ቀን ግን፣ ጨዋታ መስሎኝ፣ "አላመንኩሽም። ዲናይድ! ቀጣይ!" ብዬ ጠረጴዛውን ማህተም እንደሚመታ ሰው በቡጢ መታሁት።

ሳንድዊቿን አስቀመጠች። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ያ ሁሉ ዓመት ያለፈበት ነገር እዚያው ቁጭ ብሎ ኖሯል።

"ጆክ ነው እኮ አቴ፣ ሶሪ" አልኳት።

"አይ ኖው፣ አይ ኖው" አለች፣ በናፕኪን እየጠረገች።

ከዚያ ወዲህ አለማምጂኝ ብላኝ አታውቅም። እኔም አፍሬ አላነሳሁትም። በወጉ ይቅርታ ሳልጠይቃት ለእረፍት ወጣች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከቬትናም ቮይስ ላከችልኝ። "አልጠየቁኝም! ስወጣም አልጠየቁኝም፣ ስገባም አልጠየቁኝም! ኦፊሰሩ ቀና ብሎም አላየኝም እኮ፣ ማህተም ብቻ!" ያን ሁሉ መልስ አጥንታ ባለመጠየቋ የተናደደች ነው የምትመስለው። ከጀርባዋ እህቷ ትስቃለች። ቀጥሎ ፎቶ መጣ። ሰው ባሕር ዳር ቆሞ ይነሳል፤ እሷ የላከችልኝ ማህተም ያረፈበትን የፓስፖርቷን ገጽ ነው። ልብ ላክሁላት። ስትመጣ ፊት ለፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ ብዬ ለዚያ ቀን አቆየሁት።

አቴ፣ እኛ ሙስሊሞች ጋ ሰው ሲሞት መቃብሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚያገኙት ጠያቂ መላእክት ናቸው ይባላል። በእናንተ እምነት እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ስድስት ዓመት አብረን ስንውል አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። እንደኛ ከሆነ ግን፣ የሚጠይቅሽ ከእኔ የተሻለ ልብ ያለው ይሁን።

ስላስለቀስኩሽ አፉ በይኝ።

ደህና ሁኚ፣ አቴ ሎርና። አምኜሻለሁ። እለፊ።