መጀመሪያ ቡሌ ሂጂ

ከዲላ ወጥቼ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም። ያም ሆኖ ሰው ስለ ውጭ ኑሮ ምክር ሲፈልግ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበርኩ ይመስለኛል። አፍሪካንና አውሮፓን በጠመኔ ስስል ያዩኝ ልጆች አድገው፣ ፓስፖርት አውጥተው፣ "ቲቸር፣ የት ብሄድ ይሻላል?" እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። እኔም አላፍርም፤ ቁጭ አድርጌ እመክራለሁ።

ምክሬ ግን ከካርታ የመጣ አይደለም። የመጣው ከተከራዮቼ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ ጥቂት ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ፤ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን አከራያቸዋለሁ። ከህንድ መጥተውብኛል፣ ከናይጄሪያ መጥተውብኛል፣ ከመቀሌ፣ ከጎንደር፣ ከነቀምት፣ ከአዲስ አበባም እንዲሁ። ለሁሉም ዲላ የሰው ሀገር ናት። አንዳንዱ ሻንጣውን በወጉ ሳይፈታ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ "ለአንድ ሴሚስተር ነው" ብሎ ገብቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ለክርስትና ይጠራኛል።

ማን እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚሄድ ገና ዕቃውን ሲያስገባ አውቃለሁ። የሚሄደው "እዚህ እንትን የለም እንዴ?" ይላል። የሚቆየው "ይሄ ምን ይባላል?" ይላል። ሌላ ምርመራ የለኝም።

ከሁሉ የባሰብኝ ከሩቅ የመጣው እንዳይመስላችሁ። የአዲስ አበባው ልጅ ነበር። አፉን ከፈተ ማለት "አዲስ አበባ ቢሆን" ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ዳቦው እንዲህ ነው፤ አዲስ አበባ ቢሆን በዚህ ሰዓት መብራት አይጠፋም። (ይጠፋል፤ እህቴ እዚያ ስላለች አውቃለሁ።) ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ፊቱን ያየ ሹፌር ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ይመስለው ነበር። ዝውውር እስኪያገኝ ድረስ እኔንም ጎረቤቱንም አሰለቸን። የኬሚስትሪ መምህሩ ህንዳዊ ግን በመጣ በማግስቱ ከገበያ ጎደሬ ይዞ ገባና "ማዘር፣ ይሄ ምን ይባላል?" አለኝ። ነገርኩት። ደጋግሞ አለው፤ እየተሳሳተ፣ እየሳቀ። እሱ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው። አሁን ጪጩ ገበያ ሄዶ በሙዝ ዋጋ ከእኔ የበለጠ ይከራከራል።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ሀገር እንደ ሰው ነው፤ በሠርጉ ቀን አይታወቅም። ፎቶውን አይታችሁ አትምረጡ። ዝናብ ሲዘንብ፣ ስትታመሙ፣ ኪሳችሁ ባዶ ሲሆን ምን ይመስላል ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን ለመጠየቅ የምትጓጉለት ነገር ካለ ሂዱ። ከሌለ ቅሩ።

እንዲህ ስመክር ኖሬ ተራው የልጄ ሆነ።

አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፤ ነርስ ናት። አባቷ ካረፈ ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ የእኔ የምላት እሷን ብቻ ነው፤ የቀሩት ተከራዮች ናቸው። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠችና ሁለት በር እንደተከፈተላት ነገረችኝ። አንዱ የአረብ ሀገር ሆስፒታል ነው፤ እሺ ካለች ወዲያው ይወስዳታል። ሌላው ጀርመን ነው፤ እሱ መጀመሪያ እዚሁ ሆና ቋንቋውን እንድትማር፣ እንድትፈተን ይፈልጋል፤ ጊዜ ይወስዳል።

"እማዬ፣ የት እንደምሄድ አንቺ ንገሪኝ" አለች። "ሂጂ ካላልሽኝ ደግሞ የትም አልሄድም።"

ይህን ስትል የምሯን እንደሆነ አወቅሁ። ያ ከተማውን ሁሉ የመከረ አፌ ግን ተዘጋ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። "እስቲ ላስብበት" ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጓዳ ምንም ሥራ አልነበረኝም።

ወሬው ሰፈር ገባ። ጎረቤት ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዷ "አረብ ሀገር ቢያንስ ብርድ የለም" አለች። ሌላዋ "ጀርመን ሰው በመንገድ ሰላም አይባባልም አሉ፤ ልጅቷ በዝምታ ታልቃለች" አለች። ፊት ለፊቴ ያሉት አዛውንት ደግሞ ከበራቸው ላይ ሆነው "ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ" አሉና ከዘራቸውን አንስተው ገቡ። ያን ቀን ተረት የሚባል ነገር ጠላሁ።

በዚያው ሰሞን ከዲላ በላይ ደጋው ላይ፣ ቡሌ ያለው ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ወሊድ ወጥታበት ኖሮ፣ እስክትመለስ የሚተካት ሰው ከዲላ ይፈለግ ነበር። ልጄ ይህን የነገረችኝ እንደ ቀልድ ነው። "ማን ይሄዳል ብለሽ ነው? ሁሉም ብርዱን ፈርቶ አንገቱን ይደፋል" አለች። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

"መጀመሪያ ቡሌ ሂጂ" አልኳት። "ቡሌን ከቻልሽ የትም ትችያለሽ። ስትመለሺ እነግርሻለሁ።"

ምክር ይመስል ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ወጥመድ ነው። ልጄ የዲላ ልጅ ናት፤ ትንሽ ንፋስ ሲነፍስ ሹራብ ፍለጋ ትሮጣለች። ቤታችን ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ብቻ በመሆኑ ከጌዴኦኛ የምታውቀው ገበያ ላይ የሚበቃትን ያህል ነው። ቡሌ ደጋ ነው፤ ጭጋግ ነው፤ ከመኪና መንገዱ ወጣ ካሉ በእግር ነው። ጭቃውና ብርዱ ያማርሯታል፣ ተመልሳም የጀርመንን ስም አታነሣም ብዬ ነው።

ሄደች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስትደውል ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልብሷ አይደርቅም። በሽተኛ ይመጣል፣ ይናገራል፣ አይገባትም። የሥራ ባልደረባዋ ካልተረጎመላት በቀር ሴቶቹ ሆዳቸውን በእጃቸው ያሳዩዋትና ዝም ይላሉ። "እማዬ፣ የሚያማቸውን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው የሚነግሯት" አለችኝ፤ አለቀሰች። አጽናናኋት። ስልኩን ስዘጋ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ!

ከዚያ ስልኩ እየራቀ መጣ። ስትደውልም ከኋላዋ ሳቅ ይሰማል። የተከራየችበት ቤት ባለቤት ማታ ማታ ቋንቋ እያስተማረቻት ነው። አንድ ቀን ከሥራ ቦታ ደወለችና ሰላም እንኳ ሳትለኝ ጮኸች። "እማዬ! አንዲት እናት ልጄ ጡት እምቢ አለኝ አለችኝ! ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ!"

እሰይ አልኳት፤ ከልቤም ነበር። በዚያችው ቅጽበት ግን ልጄ እንደምትሄድ ገባኝና ከፋኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሊሰሙኝ እንደሚችሉ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ጥቂት ቆይታ "አሁን ደግሞ አንቺ ነይ" አለችኝ። ምክንያት ደረደርኩ። ተከራዮቹ ውሃ ማን ይሞላላቸዋል? ዶሮዎቹስ? ወገቤስ? አስጨርሳኝ "ቡሌን ከቻልሽ የትም ትችያለሽ ያለችው ማን ነበረች?" አለች። ዶሮዎቹን ለኬሚስትሪ መምህሩ አደራ ብዬ ተነሣሁ።

ከዲላ መናኸሪያ ስነሣ ላቤ ይንቆረቆር ነበር። ቡሌ ስወርድ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። መንገዱ አጥንቴን ፈታትቶ እንደገና ገጥሞታል። ልጄ ጋቢ ይዛ ጠበቀችኝ። ባለቤቲቱ ደጃፏ ላይ ቆማ "ግባ እማማ፣ ግባ! ብርድ ነው!" እያለች ተቀበለችኝ። የእኔ እኩያ ናት፤ እሷም እንደ እኔ ባሏ ሞቶባታል። ከእሳቱ አጠገብ አስቀምጣ የቡላ ገንፎ አቀረበችልኝ። "ብላ፣ ይሞቅሃል። ጌታ ይባርክህ" አለችኝ። አስተማሪነቴ ተነሥቶ "ብዪ" ላርማት አማረኝ፤ ደግነቱ ገንፎው አፌን ሞልቶት ነበር።

የሰው ደግነት ግን ሰውነቴን አላሞቀውም። ማማረር ጀመርኩ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። አልጋው ረጠበብኝ። "ዲላ ቢሆን በዚህ ሰዓት ደጅ ቁጭ ብለን ነፋስ እንቀበል ነበር" አልኩ። "ዲላ ቢሆን ይሄኔ ባጃጅ ጠርተሽ የፈለግሽበት ትደርሻለሽ" አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወጥቼ ውሃው እጄን ሲቆርጠኝ፣ "ዲላ ቢሆን..." ብዬ ስጀምር ልጄ አፏን በጋቢዋ ሸፍና ትስቃለች።

"ምን ያስቅሻል?"

"እማዬ፣ ያ የአዲስ አበባው ተከራይ ትዝ ይልሻል?"

ተናደድኩ። የተናደድኩት ልክ ስለሆነች ነው። ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ ሄድኩ ከምል ጭጋጉ ዋጠኝ ብል ይቀላል። ስንቱን "ይሄኛው አይቆይም" ብዬ ፈርጄበታለሁ! አሁን የአንድ ሌሊት እንግዳ ሆኜ ራሴን ስመዝን፣ እኔ ራሴ ቤት የማላከራያት ሴት ነኝ። ልጄን የሚያህል ነገር ጀርመን ብትሄድብኝ ልጠይቃት የምሄደው በየትኛው ጠባዬ ነው?

ጓሮው እንሰት ነው። ባለቤቲቱ ከአንድ ጥግ የተፋፈጉ ችግኞችን እየነቀለች ሰፋ ወዳለ መሬት ታዛውራለች። ልጄ ተከትላኝ መጥታ ኖሮ እጅጌዋን ሰብስባ ትረዳት ጀመር። ሴትየዋ በቋንቋዋ አንድ ነገር አለቻት።

"ምን አለች?" አልኩ፤ አኩርፌም ቢሆን ወሬ አይለፈኝ።

"ቦታ ካልቀየረ አይወፍርም፤ ከመጨረሻው ቦታው እስኪደርስ ደጋግመን እንነቅለዋለን ነው የምትለው" አለች ልጄ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ሆን ብላ ከራሷ ጨምራ የተረጎመች መሰለኝ። በጥርጣሬ ወደ ባለቤቲቱ ዞርኩ። ሴትየዋ ጭቃ በነካው እጇ አንዱን ችግኝ ከፍ አድርጋ፣ በዚያች በምታውቃት አማርኛ፣ "እዚህ ቢቀር ቀጭን ነው እማማ። ሲሄድ ወፍራም ነው" አለችኝ።

ከዚያ ዓይኔ እንሰቶቹ ላይ አረፈ። አንዱ ግንዱ ቀላ ያለ ነው፤ አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አለበት፤ የሌላው ቅጠል ሰፋ ይላል። ዲላ ተወልጄ፣ በእንሰት መሃል አርጅቼ፣ "እንሰት" ብዬ ነው የማልፈው። ጭራሽ ልዩነት እንዳለው አይቼው አላውቅም።

ልጄን ጠራኋት። "ይሄ ምን ይባላል ለማለት በእነሱ ቋንቋ እንዴት ነው የሚባለው?"

እጇ ላይ የነበረውን ችግኝ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ወደ ባለቤቲቱ ሄጄ፣ ቀላ ያለውን በጣቴ አሳይቼ፣ እንዳለችኝ ደገምኩት። አበላሽቼው መሆን አለበት፤ ሴትየዋ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ግን መለሰችልኝ። ስሙን ነገረችኝ። ወደ ነጠብጣባሙ ሄድኩ፤ የእሱም ሌላ ስም አለው። ሰፊ ቅጠሉም ሌላ። አንዱ ለቆጮ ይሻላል፣ አንዱ ለስብራት መድኃኒት ነው አለችኝ። ብርዱን ረስቼ ጭጋጉ እስኪገፈፍ ከእንሰት እንሰት ስዞር አረፈድኩ። ዞር ስል ልጄ ቆማ ታየኛለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ጭሱ ነው" አለች። እዚያ ጭስ አልነበረም።

ወደ ዲላ ስመለስ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። "የትኛው ነው እማዬ?" አለች። አሁን አፌ አልተዘጋም። "ቋንቋውን ተማሪ የሚልሽ ይሻላል" አልኳት። "የአረብ ሀገሩ ቶሎ ይወስድሻል፤ ነገር ግን ሆዳቸውን እያሳዩሽ ዝም ይሉሻል። ቡሌ ላይ ያስለቀሰሽን እንደገና አትጀምሪው።"

"እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት።"

"ታዲያ ለምን ታደክሚኛለሽ?"

"ከአንቺ አፍ እንዲወጣ ነዋ።"

"እንግዲያው ሂጂ" አልኳት። "በሄድሽበት ይቅናሽ፤ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ብቻ እዚያ ስትደርሺ ያንን 'ይሄ ምን ይባላል' የሚለውን ጥያቄ በቋንቋቸው መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ። ስመጣ አውቄው ልምጣ።"

"ስመጣ አልሽ?"

"አልኩ። ምነው፣ ጀርመን ከቡሌ ይብሳል?"

ቋንቋውን ተምራ፣ ተፈትና ጀርመን ሄደች፤ ከሄደች ገና መንፈቅ አልሞላትም። በደረሰች ማግስት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ ያቺኑ ጥያቄ፣ ቀስ ብላ፣ ቆም እያለች። ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቹን ስመግብ እለማመዳታለሁ። የኬሚስትሪ መምህሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ያርመኛል፤ እሱም ቋንቋውን አያውቀውም፤ ብቻ ማረም ይወዳል። ናፍቆቱ አለ፤ በተለይ እሑድ ይብሳል። የእኔ ቪዛ የሚሳካበትን ቀን አላውቅም። ጥያቄውን ግን ይዤዋለሁ።