የፕላስቲኳ ዓሣ

የምጽዋ መንገድ በጦርነቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ባሌ ያለችንን ከሰል ፕላስቲክ ሲያቀልጥባት ጨረሳት። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ምጽዋ በወረደ ቁጥር ዓሣ ሳያጠምድ አይመለስም ነበር። አሁን ሥራ ፈትቶ ቃሓውታ ሰፈር ያለችው ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ መንገዱ ሲከፈት ለማጥመጃ የሚሆኑትን የውሸት ዓሦች ይሠራል። ኮንጎ ጫማዬን ሳይቀር አቀለጠው።

«በዚህ ከሰል ስንት ነገር ይበስልበት ነበር» ስለው፣ «ምን አለሽና ነው የምታበስዪው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

የቀለጠውን ፕላስቲክ የሚያፈስበትን የመጀመሪያውን የጎማ ቅርጽ ያወጣው ከእውነተኛ ዓሣ ነበር። ጎማው ሲሰነጠቅ ያንኑ መልሶ ያቀልጠዋል፤ እውነተኛ ዓሣ ከየት ይምጣ፣ በመጨረሻ የሠራትን የፕላስቲክ ዓሣ ተጭኖበት አዲስ ቅርጽ ያወጣል። እንዲህ ከግልባጭ ላይ ሲገለብጥ መጀመሪያ ቅርፊቷ ጠፋ፣ ቀጥሎ ክንፏ፣ ከዚያ ዓይኗ።

አንድ ጠዋት ዓይን ሊያወጣላት ምስማር አግሎ ያዘና እጁ ቀጥ አለ።

«ዓይኗ የት ጋ ነበር?» አለኝ።

ላሳየው ጣቴን ሰነዘርኩ፤ ራሷ በየት በኩል እንደሆነ እኔም ጠፋኝ።